በሲስተር አዝመራ የሕይወት ታሪክ ላይ ያልተነበበው

ሲስተር አዝመራ ማረፋቸውን በስልክ የነገረችኝ አንዲት የድሮ ደንበኛዬ ናት። በማግስቱ ቀብር ላይ ከመሥሪያ ቤታቸው የመጣ ሰው የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። እብናት ተወልደው ማደጋቸውን፣ ደብረ ታቦር ነርስ ሆነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ማገልገላቸውን ተናገረ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ከዚያ ግን «ትሑት፣ ታዛዥ፣ ከሁሉም ጋር ተስማምተው የኖሩ እናት ነበሩ» አለ። ነጠላዬን አፌ ላይ ባልይዝ ኖሮ እዚያው በጮህኩ ነበር።

ታዛዥ አልነበሩም። ከሁሉም ጋርም አልተስማሙም። ወረቀቱን የጻፉት ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ከዓይን ሕክምና ክፍል አንሥተው ካርድ ክፍል የወረወሯቸው እነሱ ናቸውና። በሞቱ በማግስቱ እንዲህ አለሳልሰው ሲያነቧቸው ስሰማ፣ ያላነበቡትን እኔ ልናገር ብዬ ወሰንኩ።

ከሲስተር አዝመራ ጋር የተዋወቅነው ጸጉር እሠራበት በነበረ ሳሎን ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጥተው ሹሩባ እሠራላቸው ነበር። ቀጭን፣ ረዥም፣ ፈጣን ሴት ነበሩ። ዓይናቸው ሥር ጥልቅ ብሎ የገባና የጠቆረ ነበር፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደዚያው ነው። እናታቸውም እንደዚያው ነበሩ አሉ። አዲስ ሰው ባገኛቸው ቁጥር «ታመው ነው እንዴ ሲስተር?» ይላቸዋል። እሳቸውም «አልታመምኩም፣ ፊቴ ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ሲቆጡም ሲያዝኑም አላየሁም፤ ሰዓት የጠየቃቸው ሰው ያህል ነው የሚመልሱት።

ሥራቸው የገበሬ ዓይን ነበር። ከየገጠሩ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን የሚፍቃቸው እናቶች ወረንጧቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይመጣሉ። ሲስተር አዝመራ አገጫቸውን በሁለት ጣት ይዘው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞራሉ። ይህ ልማድ ስለሆነባቸው እኔንም፣ ደንበኞቹንም እንደዚያው ነበር የሚያዩን። አንድ ቀን አገጬን ይዘው «ደብሬ፣ ደምሽ አንሷል፣ ተመርመሪ» አሉኝ። ተመረመርኩ፤ አንሶ ነበር። ሰው ሲያዩ እንዲህ ነበር የሚያዩት፤ ሊረዱት እንጂ ሊሸጡለት አልነበረም።

የሳሎኑ ባለቤት እትዬ ሂሩት አንድ ሰው ከባሕር ዳር ማስመጣት የጀመረችው በዚያን ጊዜ ነው። ሰውየው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ይመጣል። ነጭ ካፖርት፣ አዲስ ጓንት፣ የሚያብለጨልጭ ሻንጣ ይዟል። ሁላችንም «ዶክተር» እንለው ነበር፤ የምን ዶክተር እንደሆነ ግን ከመካከላችን የጠየቀ የለም። ሥራው ፊለር መውጋት ነው፤ በተለይ የዓይን ሥር ጉድጓድ በመርፌ ይሞላል። ግድግዳው ላይ ከመወጋቷ በፊትና ከተወጋች በኋላ የተነሳች ሴት ፎቶ ተለጠፈ። የጓሮው ክፍል መጋረጃ ተሰቀለለት።

እትዬ ሂሩት ለሠራተኞቿ አዲስ ትምህርት ሰጠችን። ደንበኛዋ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ መስታወቱን አስጠግተን፣ ዓይኗ ሥር በጣታችን አሳይተን፣ «እንዴት ጎድጉዷል፣ ያስረጅሻል» እንድንል ነው። ይህን ስትል የሰማኋት እኔ ነኝ፤ ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ጥሩ ተማሪ ነበርኩ።

ሲስተር አዝመራ ፎቶውን ባዩ ቀን ጸጉራቸውን ግማሽ ሠርቼላቸው ነበር። እንደዚያው ብድግ ብለው መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ሰውየውን ሁለት ነገር ጠየቁት፤ የምትወጋው መድኃኒት ስሙ ማነው፣ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ቢዘጋስ ማርከሻው የት አለ። ሰውየው ፈገግ ብሎ «እናቴ፣ ይቀመጡ፣ ለእርስዎም እናስተካክልልዎታለን» አላቸው።

ወጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ሂሩት ልታባብላቸው መጣች፤ ዘመኑ መሆኑን፣ አዲስ አበባ ሁሉም እንደሚያደርገው ነገረቻቸው።

«መዋብ ከፈለገች ሴት ጋር ጠብ የለኝም» አሏት። «የተማረ ሐኪም ይሥራው። ደም ሥሩ በየት እንደሚያልፍ የሚያውቅ፣ ቢሳሳት የሚያድንበትን መድኃኒት አጠገቡ አስቀምጦ የሚሠራ። ይሄ ሰው ግን የያዘውን ነገር ስም አያውቀውም። ዓይን ሥር ነው እኮ የሚወጋው፣ ሂሩት። ዓይን ሥር።»

በዚያው ሳምንት ጤና ቢሮ ሄደው አመለከቱ። በጽሑፍ አምጡ አሏቸው፤ በጽሑፍ አመጡ። የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባሉ። ተመላለሱ። እትዬ ሂሩት ይህን ስትሰማ ለሲስተር አዝመራ ከእንግዲህ እንዳንሠራላቸው ከለከለችን። እኔም እሺ አልኩ። የኋላ ኋላ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሻሽ አስረው ነበር፤ አልወቀሱኝም፣ እናቴ ደህና መሆኗን ብቻ ጠይቀውኝ አለፉ።

ትርንጎ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የአንበሳሜ ገበሬ ልጅ ናት፤ ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመት ኖራ ከተመለሰች ገና ጥቂት ወሯ ነበር። ታጭታለች። በሽምግልናው ዕለት የእጮኛዋ እናት ፊቷን አይተው «ልጅቷ በሽተኛ ናት እንዴ?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ፤ ሹክሹክታው ግን ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱም ዘመዱም ስለ ዓይኗ ሳያነሣ አይውልም። ትርንጎ ይህን ሁሉ የነገረችኝ ጸጉሯን ሳጥብላት ነው፤ እየሳቀች ነበር የምታወራው።

እኔም መስታወቱን አስጠጋሁላት። ጣቴን ዓይኗ ሥር አድርጌ «እውነትም ጎድጉዷል፣ ለሠርግሽ ቢስተካከል ጥሩ ነበር» አልኳት። መሳቋን አቆመች። ለሚቀጥለው ዶክተሩ ለሚመጣበት ቅዳሜ ስሟን አስመዘገብኩ።

በዚያ ቅዳሜ መጋረጃው ውስጥ ከገባች ብዙም ሳትቆይ ጩኸቷን ሰማን። ስገባ በግራ ዓይኗ ላይ እጇን ጭና ትንፈራገጣለች። ከአፍንጫዋ ጎን እስከ ግንባሯ ድረስ ቆዳዋ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ሰውየው «የተለመደ ነው፣ ያልፋል» እያለ በረዶ የተጠቀለለበት ጨርቅ ያስደግፋታል። ትርንጎ ማየት እንዳልቻለች ደጋግማ ነገረችው። «እብጠቱ ሲወርድ ይመለሳል» አላት።

ሐኪም ቤት እንውሰዳት አልኩ። እትዬ ሂሩት ክንዴን ይዛ ወደ ጓሮ አወጣችኝና የሳሎኑ ስም ከጠፋ ሁላችንም ጎዳና እንደምንወድቅ ነገረችኝ። ትንሽ እንጠብቅ አለች። ጠበቅን። ለዚያች ልጅ ደቂቃ እንኳ በማይባክንበት ሰዓት እኛ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመን ጠበቅን። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሰውየው ሳያውቅ ወጋ እንበል። እኛ ግን እያየን ነበር።

በመጨረሻ ውኃ ልቀዳ ብዬ ወጥቼ ለሲስተር አዝመራ ደወልኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር አላስጨረሱኝም። በባጃጅ መጡ፤ የቤት ቀሚሳቸውን እንደለበሱ፣ ነጠላቸውን በትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው። እትዬ ሂሩትን በትከሻቸው ገፍተው አለፉ። የትርንጎን አገጭ ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አዞሯት።

«ልጄ፣ ደህናውን ዓይንሽን ልሸፍነው ነው። የምታዪውን ንገሪኝ።»

«ጨለማ ነው» አለች ትርንጎ።

የእጅ ባትሪ አበሩባት። እጃቸውን ዓይኗ ፊት አወዛወዙ። ከዚያ ዘወር ብለው ሰውየውን ስንት ሰዓት እንደወጋት ጠየቁት። ጓንቱን ወደ ሻንጣው መክተቱን ቀጠለ። እኔን አዩኝ። ሰዓቱን ነገርኳቸው። ያኔ ፊታቸው ላይ ያየሁትን በቃል ልገልጸው አልችልም። ቁጣ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

የመድኃኒቱን ብልቃጥ እንዲሰጣቸው አዘዙት። ባዶውን ጥያለሁ አላቸው። እሳቸውም የቆሻሻውን ቅርጫት ወለሉ ላይ ገልብጠው፣ ተንበርክከው፣ ከጸጉርና ከጥጥ መካከል ፈልገው አገኙት። ወረቀቱ ተፍቋል፤ ምን እንደሆነ የሚናገር አንድ ፊደል የለበትም። በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ባሕር ዳር የሚያውቁት የዓይን ሐኪም ዘንድ ደውለው፣ መኪና ለምነው፣ ትርንጎን ይዘዋት ሄዱ። ሰውየው ሻንጣውን ይዞ በጓሮ በር ወጣ። እኔ ወለሉን ጠረግሁ።

ዓይኗ አልዳነም። ሐኪሙ የሚቻለውን ሁሉ እንዳደረገ ሲስተር አዝመራ በኋላ ነገሩኝ። የተወጋችው ነገር ደም ሥሯን ዘግቶ ዓይኗ ያለ ደም ቆይቷል፤ ማርከሻው በዚያ ቀን ባሕር ዳር ውስጥ አልተገኘም፤ ቢገኝም ብልቃጡ ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ ይሥራ አይሥራ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ባለሙያ አጠገቧ ቢኖር፣ ያችን ሰዓት ባናጠፋት፣ ምናልባት» አሉና ተዉት።

ከተማው ግን አልተወውም። የከተማው ወሬ ግማሹ «ለውበት ብላ ዓይኗን አጠፋች» ነበር። እጮኛዋ ቤተሰቦቹን ልኮ ነገሩን አፈረሰ። ሲስተር አዝመራን ደግሞ መሥሪያ ቤታቸው ስብሰባ ጠራቸው። ጥፋታቸው ተዘረዘረ፤ በሽተኛ ያለ ሪፈር ወረቀት ወስደዋል፣ የግል ድርጅት ገብተው ዕቃ ነጥቀዋል፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም ውዝግብ ውስጥ አስገብተዋል። በስብሰባው የነበረች ነርስ እንደነገረችኝ፣ ከሰብሳቢዎቹ አንዱ «ልጅቷን ማን ተወጊ አላት?» ብሎ ተናገረ። ሲስተር አዝመራ ተነሡ።

«ማን እንዳላት ልንገራችሁ» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ወለል ስትወለውል ፊቷን ያየላት የለም። አገሯ ስትገባ ግን ሁላችንም ፊቷን አየን። አማቷ ልትሆን የነበረችው አየች፣ ጎረቤት አየ፣ ሳሎኑ አየ። አንቺ ሴት ምን ሆነሽ ነው እያልን ቀን ከሌት አስጨነቅናት። ሰውየው ሳይፈቀድለት ሲወጋ ደግሞ በጽሑፍ አመልክቼ ነበር፤ ደብዳቤዬን ያነበበ የለም። መርፌውን የያዘው አንድ ሰው ነው። እሷን አጥብቀን የያዝንለት ግን እኛ ነን።»

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ካርድ ክፍል ተዛወሩ። የዓይን በሽተኛ ሲያክሙ የኖሩ ሴት መደርደሪያ ላይ ካርድ ፈልገው እንዲያቀብሉ ተደረገ። ምክንያቱ «ለሥራ ቅልጥፍና» ነው ተባለ።

እሳቸው ግን ጉዳዩን አልለቀቁም፤ ፖሊስ ድረስ ወስደው ክስ እንዲከፈት አደረጉ። እትዬ ሂሩት ሽማግሌ ሰብስባ አንበሳሜ ወደ ትርንጎ አባት ላከች፤ ክሱ ይቅርና በእርቅ እንጨርሰው ተባሉ። አባትየው ደክሟቸው፣ አፍረውም ነበርና እሺ ሊሉ ደርሰው ነበር። ሲስተር አዝመራ ይህን ሲሰሙ በማግስቱ አንበሳሜ ሄዱ። ከአባትየው ጋር አጥር ሥር ተቀምጠው ዋሉ። ምን እንዳሏቸው አላውቅም፤ የማውቀው አባትየው ሽማግሌዎቹን መልሰው መላካቸውን ነው።

ከዚያ እኔ ቤት መጡ። ከዐቃቤ ሕግ የምስክርነት መጥሪያ ደርሶኝ ነበር፤ እትዬ ሂሩት ደግሞ ወለሉን ስጠርግ የነበርኩ መሆኔን ብቻ እንድናገር አስጠንቅቃኝ ነበር። ሲስተር አዝመራ አላባበሉኝም፣ አላስፈራሩኝም። ሥራዬን እንደማጣ እንደሚያውቁ ነገሩኝ። ሌላ ሥራ እንደሚያገኙልኝ ግን ቃል አልገቡልኝም።

«ልጅቷ የተወጋችበትንና እኔ የደረስኩበትን ሰዓት የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «አንቺ ካልተናገርሽው ያ ሰዓት አልነበረም ይባላል።»

ፍርድ ቤት ቆሜ ተናገርኩ። ሰውየው ከሌላ ከተማ ተይዞ መጥቶ ነበር። የምን ዶክተር፤ የመዋቢያ ዕቃ ሲሸጥ የኖረ፣ መርፌውን በስልኩ ቪዲዮ እያየ የተማረ ሰው ሆኖ ተገኘ። ታሰረ። እትዬ ሂሩት ተቀጣች፣ ሳሎኑም ተዘጋ። ጥቂት ወራት ቆይቶ እዚያው ቤት፣ እነዚያው ወንበሮች ላይ፣ በሌላ ስም ተከፈተ። ስሙን ቀይረው ታፔላውን ሲሰቅሉ ቆሜ አየሁ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ እያየ ያልፍ ነበር። እኔ ቤቴ ሹሩባ መሥራት ጀመርኩ፤ የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ሲስተር አዝመራ ነበሩ።

ካርድ ክፍልም ቢሆን ከዓይን አልተላቀቁም። ከገጠር የመጡት እናቶች ካርድ ሊያወጡ መስኮቱ ጋ ሲቆሙ፣ በመስኮቱ ቀዳዳ እጃቸውን አውጥተው አገጫቸውን ይይዙና የዓይን ቆባቸውን ገልጠው ያዩላቸዋል። «ሰባት ቁጥር ሂጂ፣ ዛሬውኑ ይዩሽ፣ ነገ አይባልም» ይሏቸዋል። አለቃቸው ይህ ሥራቸው እንዳልሆነ በጽሑፍ አስጠነቀቃቸው። ማስጠንቀቂያውን አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱና በማግስቱም አዩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እንደዚያው ሲያዩ ኖሩ። ቀብር ላይ ታዛዥ የተባሉት እኚህ ሴት ናቸው።

ጡረታ ሊወጡ በተቃረቡበት ሰሞን እዚያ መስኮት ጋ ሄጄ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳቸው። ፍርድ ቤት ሁሉንም ብናገርም አንድ ነገር አስቀርቼ ነበር፤ ትርንጎን መስታወት ፊት አስቀምጬ ዓይንሽ ጎድጉዷል ያልኳት፣ ስሟንም ያስመዘገብኩት እኔ መሆኔን። እያለቀስኩ ነው የተናገርኩት። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር መሰለኝ። አላጽናኑኝም። በእጃቸው የያዙትን ካርድ አስቀመጡ።

«ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?» አሉኝ። «የጠፋው የኔ ዓይን ነው? ለሷ ንገሪያት።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ዛሬ ነገ እያልኩ ግን ቆየሁ። መንገዱ ተዘጋ፣ እናቴ ታመመች፣ ክረምት ገባ፤ ምክንያት አላጣሁም። ሲስተር አዝመራ ሲያገኙኝ ሄድሽ ወይ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም አላነሣሁባቸውም። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ሳልሄድ ቀረሁ።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት አንበሳሜ ሄድኩ። ትርንጎ ገበያው ዳር በከፈተችው ሱቅ እህል ትነግዳለች። በቀኝ ዓይኗ ብቻ ስለምታይ ሰው ሲመጣ አንገቷን ሙሉ አዙራ ነው የምታየው። ገና ስታየኝ ዐወቀችኝ፤ የምትቀመጥበትን ዱካ ለቀቀችልኝ። ስለ ሲስተር አዝመራ ሞት ሰምታ ነበር፤ ቀብር ባለመድረሷ አዝና ነበር።

ዱካው ላይ እንደተቀመጥኩ ሁሉንም ነገርኳት። መስታወቱን ያስጠጋሁት፣ ዓይንሽ ጎድጉዷል ያልኩሽ፣ ያስመዘገብኩሽ፣ ያችን ሰዓት ቆሜ የጠበቅኩ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ አልኳት። እህል ልትገዛ የመጣች ሴት በር ላይ ቆማ ነበር፤ ትርንጎ ቆይተሽ ተመለሽ ብላ ሸኘቻት።

«ትዝ ይለኛል» አለችኝ ስትመለስ። «አልጎደጎደም ነበር እኮ ደብሬ። ደክሞኝ ነበር።»

ይቅርታዬን ተቀበለችው አልተቀበለችው እስካሁን አላውቅም፤ ስለሱ አንድም ቃል አልተናገረችም። የተናገረችው ስለዚያ ቀን መኪና ነው።

«ሲስተር ጭናቸው ላይ አስተኝተውኝ ነበር» አለች። «ዓይኔን በመዳፋቸው ጫን ለቀቅ ያደርጉልኛል። ወረታን ስናልፍ ‹እንቅልፍ ጠግበሽ የተኛሽው መቼ ነው ልጄ?› አሉኝ። አገሬ ከገባሁ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሳስብ ሳስብ ሐሙሲት ደረስን። አላስታውስም አልኳቸው። ‹በይ ተኚ፣ እኔ እጠብቅሻለሁ› አሉኝ። ዓይኔ እየጠፋ፣ እንደዚያ እያመመኝ፣ እጃቸው ሥር እንቅልፍ ወሰደኝ።»